ማስታወቂያ ሲገባ ቤቱን የሚያናውጥ ቴሌቪዥን ምን ይደረግ?

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ሌሎችም እንዲከታተሉን ባጭሩ ላስቀምጠው። ቤታችሁ ሐረር፣ ጀጎል ውስጥ ነው። እናትሽ 70 ዓመት አልፏቸዋል፣ ጆሯቸው ደከም ብሏል፤ የማታውን የ2 ሰዓት ዜናና ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ድራማ ሳያዩ አይተኙም። ንግግሩ እንዲሰማቸው የቲቪውን ድምፅ 35 ላይ ታደርጉታላችሁ። ማስታወቂያ ሲገባ ቤቱ ይናወጣል፤ ኪርተት (ከሳሎኑ ጎን ያለችው ትንሽ ክፍል) ውስጥ የተኛው የ4 ወር ልጅሽም እየጮኸ ይነሳል። ወንድምሽ ሪሞት ይዞ ሲያጠፋ ሲያበራ የሚውቱ (የድምፅ ማጥፊያው) ቁልፍ ሞተ። አሁን አንድ ሱቅ «ማስታወቂያን ራሱ የሚያጠፋ ሪሲቨር አለ» ብሏችሁ ልትገዙ አስባችኋል፤ ካልሆነም ዲሹን ወደ ሌላ ሳተላይት ብናዞረውስ ብለሻል።

እኔ ድሬዳዋ፣ ከዚራ አካባቢ ቲቪና ሪሲቨር የምጠግን፣ ዲሽ የምተክል ሰው ነኝ። ለሥራ ደንገጎን ወጥቼ ሐረር እመላለሳለሁ፤ ጀጎል ውስጥም ብዙ ቤት ገብቼ ሠርቻለሁ። ስለዚህ የቤታችሁን ግድግዳ ሳላየው አውቀዋለሁ ማለት እችላለሁ።

በመጀመሪያ ሪሲቨሩን አትግዢ። በቀጥታ ስርጭት ላይ ማስታወቂያን ለይቶ የሚያጠፋ የሳተላይት ሪሲቨር በእጄ አልፎ አያውቅም። ምክንያቱም ቀላል ነው። ሪሲቨሩ ከሰማይ የሚቀበለው ተጨምቆ የመጣ ምስልና ድምፅ ነው። ዜናው የት አልቆ የሳሙናው ማስታወቂያ የት እንደጀመረ የሚናገር ምልክት ለቤት ሪሲቨር ታስቦ አይላክለትም። ለእሱ ሁሉም ያው ምስል፣ ሁሉም ያው ድምፅ ነው። በ1990ዎቹ (እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር) አሜሪካ ውስጥ ማስታወቂያን እየዘለለ የሚያጫውት የካሴት ቪዲዮ ይሸጥ ነበር። እሱም ቢሆን ሥራውን የሚሠራው ቀረጻው ካለቀ በኋላ ነው፤ ካሴቱን መልሶ እየፈተሸ ምስሉ ለቅጽበት የጠቆረበትንና ድምፁ ዝም ያለበትን ቦታ ያገኝና «እዚህ ጋ ማስታወቂያ ገብቷል» ብሎ ምልክት ያደርጋል። ዛሬም በኮምፒውተር ይህን የሚሠሩ ፕሮግራሞች አሉ፤ ከጥቁሩ ምስል በተጨማሪ የጣቢያው አርማ ከጥጉ የጠፋበትን ጊዜ ያያሉ። አርማው በማስታወቂያ ጊዜም ከቦታው በማይነሳበት ቻናል ላይ ግን ግራ ይጋባሉ። ሻጩ ሊያታልላችሁ ፈልጎ ነው አልልም፤ ምናልባት ፍላሽ ላይ የሚቀዳ ሪሲቨር ማለቱ ይሆናል። እሱ ሌላ ነገር ነው፣ ጥሩም ነው፤ ወደ ታች እመጣበታለሁ።

ዲሹን ማዞርም መፍትሔ አይሆንም። ማስታወቂያው የሚገባው ጣቢያው ውስጥ እንጂ ሳተላይቱ ላይ አይደለም። አሁን ኢትዮሳት የምንለው፣ 57 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ያለው ከሆነ የተተከለላችሁ፣ ዲሻችሁ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ዞሮ ፊቱን ወደ ላይ አቅንቶ ወደ ሰማይ የሚያይ ነው፤ ከኛ አካባቢ ሳተላይቱ ከአድማስ ወደ 69 ዲግሪ ከፍ ብሎ ነው ያለው። ናይልሳት ደግሞ 7 ዲግሪ ምዕራብ ላይ ነው፤ ለእሱ ዲሹ ወደ ምዕራብ ዞሮ በጣም ዝቅ ማለት አለበት፣ 33 ዲግሪ ግድም። ጀጎል ውስጥ በዚያ አቅጣጫ የጎረቤት ግንብ ወይም ዛፍ ካለ ጭራሽ አይገባላችሁም። ብታዞሩት የምታገኙት ሌላ ቻናል ነው፤ እዚያም ማስታወቂያ አለ፤ እናትሽ የለመዷቸውን ቻናሎች ግን ታጣላችሁ። ሁለቱንም ከፈለጋችሁ ደግሞ ሁለት ዲሽና መቀያየሪያ ስዊች ነው የሚያስፈልገው፤ በአንድ ዲሽ ላይ ሁለት ኤልኤንቢ (ከዲሹ ፊት የሚታሰረው ተቀባይ) አስሮ ይህን ያህል የተራራቁ ሳተላይቶችን መያዝ አይቻልም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። «ማስታወቂያው ከዜናው ይበልጣል» ስትዪ ጆሮሽ አልተሳሳተም፤ ነገር ግን የሚበልጠው አንቺ በምታስቢው መንገድ አይደለም። ድምፅ በስርጭት ውስጥ ጣሪያ አለው፤ ዜናውም ማስታወቂያውም ከዚያ ጣሪያ አያልፉም። በጆንያ አስቢው። አንዱን ጆንያ ጥጥ ዝም ብለሽ ትሞይዋለሽ፤ ሌላውን እየረገጥሽ፣ እየጠቀጠቅሽ ትሞይዋለሽ። ሁለቱም ጆንያዎች ቁመታቸው እኩል ነው። ስታነሺያቸው ግን ክብደታቸው አይገናኝም። ዜና አንባቢዋ ስታነብ ድምፅዋ ይነሳል፣ ይወርዳል፣ ትተነፍሳለች፣ ነጥብ ላይ ታርፋለች። በድራማ ደግሞ ጭራሽ ሹክሹክታ አለ። ማስታወቂያ ላይ ግን ሹክ የሚለውም የሚጮኸውም በማሽን ተጨምቆ ከመጀመሪያው ሴኮንድ እስከ መጨረሻው ጣሪያው ላይ ተለጥፎ ይቀመጣል፤ ከሥሩም ሙዚቃ ይሞላበታል። ባዶ ቦታ የለውም። ጆሮ ደግሞ የሚመዝነው ቁመቱን ሳይሆን ክብደቱን ነው።

ይህ በእኛ አገር ብቻ ያለ ችግር አይደለም። በ2006 (እንደ ፈረንጆች) ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት የድምፅን ቁመት ሳይሆን ጆሮ የሚሰማውን ክብደት የሚለካ ዘዴ አወጣ። በ2010 የአውሮፓ ብሮድካስተሮች ኅብረት ፕሮግራምም ማስታወቂያም በአማካይ −23 ሉፍስ ላይ እንዲቀመጥ መመሪያ አወጣ፤ ሉፍስ ያው የክብደቱ መለኪያ ነው። አሜሪካ ማስታወቂያ ከፕሮግራሙ ድምፅ እንዳይበልጥ የሚያስገድድ ሕግ በዚያው ዓመት አጽድቃ ከታኅሣሥ 2012 ጀምሮ ሥራ ላይ አውላለች። ጣቢያዎቻችን ማስታወቂያ ሲረከቡ በዚህ መለኪያ እየለኩ ቢቀበሉ የአንቺ ልጅ በሰላም ይተኛ ነበር፤ መለኪያው በኮምፒውተር የሚሠራ ስለሆነ ከባድ ወጪም የለውም። ሕግ ሲወጣ ቤት ውስጥ እንደሚታወቅ እኛም አይተናል፤ በኛ አቆጣጠር የ2011ዱ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ፣ ቁጥር 1112፣ የመጠጥ ማስታወቂያን ከቴሌቪዥንና ከሬዲዮ ሲከለክል በየበዓሉ የለመድነው የቢራ ማስታወቂያ ከስክሪኑ ጠፋ።

ያ እስኪሆን ድረስ ቤት ውስጥ ምን እናድርግ? እዚህ ላይ ቆም ብለሽ አንብቢኝ፤ ምክንያቱም የናንተ ቤት ችግር ማስታወቂያው ብቻ አይደለም። ችግሩ ቲቪው 35 ላይ መሆኑ ነው። 35 ላይ የደረሰው ደግሞ እናትሽ ንግግሩ ስለማይለይላቸው ነው። 18 ላይ የሚታይ ቲቪ ማስታወቂያ ሲገባበት ያናድዳል እንጂ ሕፃን አይቀሰቅስም።

ጆሮ በዕድሜ ሲደክም መጀመሪያ የሚጠፋው ቀጭኑ ድምፅ ነው። የ«ሰ»፣ የ«ፈ»፣ የ«ተ» ድምፅ ያለው እዚያ ነው። ስለዚህ እናትሽ ሰው ሲያወራ ይሰማሉ፣ ቃሉ ግን አይለይላቸውም። «ጨምሩልኝ» ይላሉ። ስትጨምሩ የሚጨምረው ቀጭኑ ብቻ አይደለም፤ ወፍራሙም አብሮ ይጨምራል፤ ልጁን የሚቀሰቅሰውም እሱ ነው። በዚህ ላይ የቤታችሁ አሠራር አለ። የጀጎል ቤት ግድግዳው የድንጋይ ነው፣ በደንብ ተለስኖ የተቀባ፣ ጣሪያው ከፍ ያለ። ባዶ ቦታ ላይ ቆመሽ አንዴ አጨብጭቢ፤ ጭብጨባው ተመልሶ ሲመጣ ትሰሚዋለሽ። ቃልም እንዲሁ ተመልሶ እየመጣ በሚቀጥለው ቃል ላይ ይደረባል።

ባለፈው ክረምት ጀጎል ውስጥ አንድ ቤት ገብቼ ያየሁትን ልንገርሽ። ቲቪው ግድግዳው ውስጥ በተቀረጸው መደርደሪያ ውስጥ ተሸጉጦ ነበር፤ አቀማመጡ ያምራል፤ ዙሪያው ሰፌድና እንቅብ ተሰቅሏል። አሁን ያሉት ስስ ቲቪዎች ስፒከራቸው ያለው ከፊት ሳይሆን ከሥር ወይም ከኋላ ነው። መደርደሪያው ውስጥ ሲገባ ድምፁ መጀመሪያ ድንጋዩን መትቶ፣ እንደ እንስራ ውስጥ እንደሚያወራ ሰው «ቡ ቡ» እያለ ነው የሚወጣው። እሜቴዋ ነደባው (ከፍ ብሎ የተሠራው መቀመጫ መደብ) ላይ፣ ከቲቪው 4 ሜትር ያህል ርቀው ተቀምጠዋል፤ ድምፁ 40 ላይ ነው። ቲቪውን አንድ ስንዝር ወደ ፊት ሳብኩት፤ ከሥሩ የታጠፈ ፎጣ አነጠፍኩ፤ ከኋላው ግድግዳው ላይ ትንሽ የስጋጃ ቁራጭ አስደገፍኩ። ምንም መሣሪያ ሳልጨምር እሜቴ «አሁን ገባኝ፤ ቀንሰው እንጂ» አሉኝ። 29 ላይ ወረደ። ይህን አንቺም ዛሬ ማታ ራስሽ ማድረግ ትችያለሽ።

ሁለተኛው ሥራ ትንሽ ወጪ አለው፣ ግን ካየሁት ሁሉ የሚሻለው እሱ ነው። ድምፁን ወደ እናትሽ አምጪላቸው። ከድምፅ ምንጭ ያለሽ ርቀት በግማሽ ባጠረ ቁጥር በቀጥታ የሚደርስሽ ድምፅ በ6 ዴሲቤል (የድምፅ ከፍታ መለኪያ ነው) ይጨምራል። ከ4 ሜትር ወደ 1 ሜትር ስትመጪ 12 ዴሲቤል ነው፤ ለጆሮ ከእጥፍ በላይ መሆኑ ነው። ከግድግዳው ተመልሶ የሚመጣው ድምፅም አይረብሻቸውም፣ ቀጥታው ይቀድመዋልና።

አደራረጉ እንዲህ ነው። ከሪሲቨራችሁ ጀርባ ኤችዲኤምአይ ገመዱ ከተሰካበት አጠገብ የድሮው ኤቪ መውጫ አለ፤ ቀይና ነጩ ቀዳዳ ድምፅ ነው (በአንዳንዱ ሪሲቨር ለብቻው ገመድ የሚሰካበት አንድ ትንሽ ቀዳዳ ይሆናል)። ብዙዎቹ ሪሲቨሮች በሁለቱም በኩል በአንድ ጊዜ ድምፅ ያወጣሉ። ስለዚህ ምስሉም ድምፁም በኤችዲኤምአይ ወደ ቲቪው መሄዱን ሳይተው፣ ከቀይና ነጩ በገመድ ወደ አንድ ትንሽ ስፒከር ትወስጂዋለሽ። ገመዱ በአንድ ጫፉ ቀይና ነጭ፣ በሌላው ጫፉ የጆሮ ማዳመጫ ዓይነት ሚስማር ያለው ነው፤ 5 ሜትር ግዢ፤ በግድግዳው ሥር አዙረሽ በምንጣፉ ጠርዝ ታሳልፊዋለሽ። ስፒከሩ ለኮምፒውተር የሚሸጠው፣ በእጅ የሚዞር የድምፅ ቁልፍ ከፊቱ ያለው ይሁን። ነደባው ላይ፣ እናትሽ ከሚደገፉበት ትራስ አጠገብ አስቀምጪላቸው። የቲቪውን ድምፅ ወደ 10 አውርጂው።

ለምን በገመድ? ብሉቱዝ ድምፁን ያዘገየዋል፤ አፍ ቀድሞ ድምፅ ኋላ ሲመጣ ደግሞ ጆሮው የደከመ ሰው ጭራሽ ይጠፋበታል፤ እነሱ ሳያውቁት ከንፈርም ነው የሚያነቡት። ለምን በጆሮ ማዳመጫ አይሆንም? ከቲቪው የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ስትሰኪ የቲቪው ስፒከር አብዛኛውን ጊዜ ይጠፋል፤ ሌላው ቤተሰብ ዲዳ ቲቪ ያያል። እናት ደግሞ ብቻቸውን ጆሯቸውን ደፍነው ከጨዋታው ተለይተው እንዲቀመጡ አልወድም።

የሚዞረው ቁልፍ ለምን እንዳስፈለገ አሁን ታይዋለሽ። ማስታወቂያ ሲገባ እናትሽ ራሳቸው እጃቸውን ዘርግተው ያዞሩታል፤ ሪሞት መፈለግ፣ መነጽር ማድረግ፣ ወንድምሽን መጣራት የለም። ሐሳቡ የኔ አይደለም፣ የቴሌቪዥንን ያህል ያረጀ ነው። በ1950ዎቹ መጀመሪያ (እንደ ፈረንጆች) አሜሪካ ውስጥ ማስታወቂያ ሲመጣ ከወንበር ሳይነሱ የቲቪውን ድምፅ የሚቆርጡበት፣ ረጅም ገመድ ጫፍ ላይ ያለ ማብሪያ ማጥፊያ ይሸጥ ነበር። በ1955 ዜኒት የተባለው ኩባንያ መሐንዲስ ዩጂን ፖሊ ገመድ አልባውን የመጀመሪያ የቲቪ ሪሞት ሠራ፤ እንደ ባትሪ መብራት ወደ ስክሪኑ ጥግ ብርሃን የሚያበራ ነበር፤ ከአራቱ ጥጎች አንዱ ድምፅ ማጥፊያ ነው። ኩባንያውም ሲያስተዋውቀው ረጅም ማስታወቂያን ዝም የሚያሰኝ መሆኑን እየጠቀሰ ነበር። ሪሞት ሲወለድ ጀምሮ የተሰጠው አንዱ ሥራ አንቺ የምትፈልጊው ነው ማለት ነው።

ስፒከሩን ስታገናኚ ሁለት ነገር ሊያጋጥምሽ ይችላል። መብራት የሚወስደው በዩኤስቢ ከሆነና ከቲቪው ዩኤስቢ ላይ ከሰካሽው «እምምም» የሚል ድምፅ ሊያሰማ ይችላል፤ ነቅለሽ በስልክ ቻርጀር ግድግዳ ላይ ስኪው፣ ብዙ ጊዜ ይጠፋል። ሌላው፣ ቲቪው ምስሉን ለማሳመር ጥቂት ስለሚቆይ ከስፒከሩ የሚወጣው ድምፅ ከቲቪው ድምፅ በጣም በትንሹ ሊቀድም ይችላል። ከሴቲንግ የምስሉን ዓይነት «ጌም» ላይ ብታደርጊው መዘግየቱ ያጥራል።

ሴቲንግ ውስጥ ከገባሽ አይቀር የቲቪውንም ድምፅ አስተካክይው። በሳምሰንግ ሳውንድ፣ ከዚያ ኤክስፐርት ሴቲንግ ውስጥ «ኦቶ ቮሊዩም» የሚል አለ፤ «ኖርማል» እና «ናይት» ይላል፤ ማታ ናይት ይሻላችኋል። ኤልጂም በድምፅ ክፍሉ ኦቶ ቮሊዩም አለው፤ ሶኒ «አድቫንስድ ኦቶ ቮሊዩም» ይለዋል። ሥራው የከፍታውን ልዩነት ማጥበብ ነው፦ የሚጮኸውን ይጫነዋል፣ ሹክሹክታውን ያነሳዋል። ከዚያ «ክሊር ቮይስ» ወይም ንግግርን የሚያጎላ አማራጭ ካለ አብሪው፤ «ባስ» ካለ ቀንሺው። «ሙቪ» እና «ሰራውንድ» የሚሉትን ተያቸው፤ ለድንጋይ ቤት አይሆኑም። ግን እወቂው፣ ይህ ሁሉ የሚሠራው በቲቪው ስፒከር ላይ ነው፤ ከሪሲቨሩ በቀጥታ በሚወስደው በእናትሽ ስፒከር ላይ አይሠራም። እዚያ ዳኛው የእሳቸው እጅ ነው።

የሪሲቨሩን የራሱን ድምፅ ከ80 በመቶ በላይ አድርጊና ተይው። ብዙ ቤት ስገባ ሪሲቨሩ 30 ላይ፣ ቲቪው 60 ላይ ሆኖ አገኘዋለሁ፤ ያኔ ቲቪው የሚያጎላው ንግግሩን ብቻ ሳይሆን ሹሹታውንም ነው። አንዳንድ ሪሲቨር ደግሞ ለየቻናሉ የተለየ የድምፅ ልክ የሚያስቀምጥ ሜኑ አለው፤ ካለው ዘወትር የሚጮኸውን ቻናል ለብቻው ዝቅ አድርጎ መተው ይቻላል።

አሁን ለድራማው። ዜና ትኩስ ነው፣ በሰዓቱ ይታያል። ድራማ ግን ሩብ ሰዓት ቢዘገይ ማንም አይጎዳም። ሪሲቨራችሁ ከፊቱ ወይም ከጀርባው ዩኤስቢ ካለውና ሪሞቱ ላይ ቀይ ነጥብ ያለው የመቅጃ ቁልፍ ካለ፣ የሚቀዳ ዓይነት ነው፤ አዲስ መግዛትም ላያስፈልጋችሁ ይችላል። 32 ጊጋባይት ፍላሽ ስኪበት፤ ፍላሹ የታወቀና ፈጠን ያለ ይሁን፣ ርካሹ መሀል ላይ ይቆራረጣል። አንድ ሰዓት ቀረጻ እንደ ቻናሉ ጥራት ከ1 እስከ 2 ጊጋባይት ይበላል፤ ጥራቱ ከፍ ያለው ከዚያም ያልፋል። ድራማው ሲጀምር «ፖዝ» በይው፤ ሪሲቨሩ ከኋላ መቅዳቱን ይቀጥላል። እናትሽ ሻይ ጠጥተው፣ ልጁም ተኝቶ፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ «ፕሌይ» በይው። ማስታወቂያ ሲመጣ በማሳለፊያው ቁልፍ እየሮጥሽ ታልፊዋለሽ፤ መጨረሻው ላይ ስርጭቱን ትደርሺበታለሽ። ጠላቱ መብራት ነው። መሀል ላይ ከሄደ ያልተዘጋው ፋይል ሊበላሽ ይችላል፤ ፍላሹም ከነጭራሹ አልነበብም ሊል ይችላል፤ ያኔ ሪሲቨሩ ራሱ ላይ «ፎርማት» ማድረግ ነው። ስለዚህ ልታስቀምጪው የምትፈልጊውን ነገር እዚያ ፍላሽ ላይ አትተይው።

ብዙ ድራማዎች በማግስቱ ዩቲዩብ ላይ ይጫናሉ። ዋይፋይ ካላችሁ አንዱ መንገድ ነው፤ ከፊት የሚመጣው ማስታወቂያ ብዙ ጊዜ ከ5 ሴኮንድ በኋላ ይዘለላል፤ ጣቢያው ራሱ ከፕሮግራሙ ጋር አጣብቆ የጫነውን ደግሞ በጣትሽ ወደ ፊት መግፋት ነው። ስማርት ቲቪ ላይ ከኔትወርክ ሴቲንጉ ዲኤንኤሱን (ቲቪው የኢንተርኔት አድራሻ የሚጠይቅበትን ቁጥር) ወደ 94.140.14.14 (ማስታወቂያ የሚያግደው የአድጋርድ ነው) መቀየር በመነሻ ገጹ ላይ የሚመጡትን አንዳንድ ማስታወቂያዎች ይቀንሳል፤ የዩቲዩብንና የዲሽን ግን አይነካም፤ ይነካል የሚልሽን አትመኚ። በፕሮግራሙ መሀል ከስክሪኑ ግርጌ ለሚሮጠው የማስታወቂያ ጽሑፍ ደግሞ የምስሉን መጠን «ዙም» ላይ ማድረግ ከስክሪን ያስወጣዋል፤ አብሮ ግን የዜናው ጽሑፍና የሰዎቹ ግንባርም ይቆረጣል፣ ስለዚህ ለድራማ ብቻ።

አንድ ነገር በግልጽ ልናገር። በኢትዮሳት የምናያቸው ቻናሎች ወርሃዊ ክፍያ የለባቸውም፤ የግሎቹ ጣቢያዎች የሠራተኛቸውን ደሞዝና የሳተላይቱን ኪራይ በአብዛኛው ከዚያው ከማስታወቂያ ነው የሚከፍሉት። እኔ ማስታወቂያን ከምድር የማጥፋት ፍላጎት የለኝም። የእናት ጆሮና የሕፃን እንቅልፍ ግን ዋጋው ውስጥ መግባት የለባቸውም።

ሪሞቱ ቀረ። ሚውቱ ብቻ ከሞተና ሌላው ቁልፍ ከሠራ ሪሞቱን አትጣሉት። በፌስታል ተጠቅልሎ ከሆነ መጀመሪያ ፌስታሉን አውጪው፤ አቧራውንና የእጅ ቅባቱን ውስጡ አምቆ የሚያስቀምጠው እሱ ነው። ባትሪውን አውጥተሽ፣ ቡሎን ካለው ፈትተሽ፣ ዳርና ዳሩን በቀጭን ነገር በቀስታ ክፈቺው። ከላስቲኩ ቁልፍ ሥር ትንሽ ጥቁር ክብ አለች፤ ከሰሌዳው ላይ ካለው ጥቁር መስመር ጋር ስትነካካ ነው ትእዛዙ የሚሄደው። ሚውቱ ብዙ ስለተመታ እዚያ ላይ የሚያጣብቅ ቅባት ታገኚያለሽ። ጥጥ በአልኮል ነክረሽ ሁለቱንም ጥረጊ፣ አድርቂ፣ ግጠሚ። የባትሪው ቤት ነጭ ወይም አረንጓዴ ዝገት ካወጣ በሎሚ በተነካ ጥጥ ጠርገሽ በደንብ አድርቂው። መሥራቱን ለማየት የስልክሽን የፊት ካሜራ ክፈቺ፤ የሪሞቱን ጫፍ ወደ ካሜራው አዙረሽ ሚውቱን ተጫኚ፤ ስክሪኑ ላይ ሐምራዊ መሰል ብርሃን ብልጭ ካለ ሪሞቱ ድኗል። ሌላው ቁልፍ እያበራ እሱ ብቻ ዝም ካለ ጥቁሯ ክብ ተልጣለች፤ ያኔ ጠጋኝ ጋ ይሂድ ወይም ተመሳሳዩን ግዙ። የምትጠግኚው የቲቪውን ሳይሆን የሪሲቨሩን ሪሞት ይሁን፤ በሪሲቨሩ ሚውት ስታጠፊ የቲቪውም የእናትሽ ስፒከርም አብረው ዝም ይላሉ። ሚውቱ ላይ አንዲት ጠብታ የጥፍር ቀለም አድርጊበትና ይድረቅ፤ እናትሽ በጨለማም በጣታቸው ዳብሰው ያገኙታል።

ሁሉን ካስተካከልሽ በኋላ አንድ ፈተና አለ። እናትሽ ቦታቸው ላይ ይቀመጡ፤ ዜና ይከፈት፤ ስፒከሩን «ይበቃል» እስኪሉ ድረስ ራሳቸው ያዙሩት። አንቺ ኪርተት ግቢ፣ ልጁ የሚተኛበት ቦታ ላይ ጆሮሽን አድርጊና ማስታወቂያ እስኪመጣ ጠብቂ። የኪርተት መለያያው እንጨት ፍርግርግ ከሆነ ድምፅ ያሳልፋል፤ ወፍራም ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ በላዩ አንጠልጥይበት። ከዚያም የማስታወቂያው ቃል እየተለየ ከተሰማሽ የእናትሽን ስፒከር አትንኪው፤ የቲቪውን ከ10 ወደ 6፣ ከ6 ወደ 3 አውርጂው። ዜሮ ላይ ቢደርስም ግድ የለም። የቀራችሁት እሳቸው አጠገብ ነደባው ላይ ስለምትቀመጡ በእሳቸው ስፒከር ትሰማላችሁ።